ቢላ ወይስ ጨረር? የጆሮ ነርቭ ዕጢ የተገኘበት የጎጃም ታማሚ ምን ያመዛዝን?

አንድ ጆሮ ብቻውን ሲደክም ሰው ቶሎ አይደነግጥም። ስልኩን ወደ ደህናው ጆሮ ያዞራል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቆምበትን ቦታ ይቀይራል። ከግራ ሲጠሩት ወደ ቀኝ ዞሮ ይፈልጋል፤ ቤተሰብም ይስቃል። ጆሮው ጭው ማለት ሲጀምር "ምች ነው"፣ "ነፋስ ነው" ይባላል። ጤና ጣቢያ ከሄደ የጆሮ ጠብታ ይዞ ይመለሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ሦስት ዓመት ያልፋል። አካሄዱ ሲንገዳገድ፣ ጉንጩ ሲደነዝዝ ወይም ራስ ምታቱ ከማስመለስ ጋር ሲመጣ ግን ኤምአርአይ፣ ማለት የአንጎልን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምስል፣ ይታዘዛል።

ወረቀቱ ላይ አኩስቲክ ኒውሮማ ወይም ቬስቲቡላር ሽዋኖማ የሚል ይጻፋል። ሁለቱም የአንድ ዕጢ ስም ናቸው። ሐኪሙ "ካንሰር አይደለም" ሲል ቤተሰብ እፎይ ይላል። እፎይታው ግን ብዙ አይቆይም። አዲስ አበባ ያለው ወንድም "ኦፕራሲዮን አታስነኩት፣ ፊት ያጣምማል" ይላል። ውጭ አገር ያለችው የአጎት ልጅ ደግሞ "እዚህ በጨረር በአንድ ቀን ነው የሚጨርሱት" ትላለች። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ቢላ ወይስ ጨረር ይሆናል።

እኔ ይህ ጥያቄ ቀድሞ የመጣ ይመስለኛል። ከእሱ በፊት ሌሎች ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። ዕጢው ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? እያደገ ነው ወይ? ታማሚውስ ከሕክምናው በኋላ ለዓመታት እየተመላለሰ መታየት ይችላል ወይ? ሦስተኛውን ጥያቄ የውጭ መጻሕፍት እንደ ቀላል ነገር ያልፉታል። ለሞጣ፣ ለቢቸና ወይም ለዳንግላ ሰው ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ዕጢው የት እንደሚቀመጥ ካልታወቀ የምርጫው ክብደት አይገባም። ስምንተኛው የራስ ቅል ነርቭ ሁለት ሥራ አለው፤ መስማትና ሚዛን መጠበቅ። ዕጢው በአብዛኛው የሚነሳው ከሚዛኑ ክፍል ነው፤ የነርቩን ሽፋን ከሚሠሩት የሽዋን ሴሎች። ነርቩ ከውስጠኛው ጆሮ ወደ አንጎል ሲሄድ በጠባብ የአጥንት ቱቦ ውስጥ ያልፋል። በዚያው ቱቦ ውስጥ የፊት ጡንቻዎችን የሚያዘው ነርቭ ጎን ለጎን ይሄዳል። ፈገግ የምንለው፣ ዓይናችንን የምንጨፍነው፣ ውሃ ስንጠጣ ከንፈራችን የሚገጥመው በእሱ ነው። በሕክምናው ላይ ያለው ክርክር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ጉርብትና ነው።

ዕጢው ቱቦውን ሞልቶ ሲወጣ ወደ አንጎል ግንድና ወደ ትንሹ አንጎል ያመራል። በመንገዱ ለፊት ስሜት የሚሰጠውን ነርቭ ሊጫን ይችላል። በጣም ሲያድግ በአንጎል ውስጥ የሚዘዋወረውን ፈሳሽ መንገድ ይዘጋና ሕይወትን ያሰጋል። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ሌሊት አይሆንም። የሚያድጉት በአማካይ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው የሚጨምሩት። ብዙዎቹ ለዓመታት እዚያው ባሉበት ይቆያሉ። በዴንማርክ ለዓመታት በተደረገ ክትትል፣ ከአጥንቱ ቱቦ ካልወጡት ዕጢዎች ያደጉት 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቱቦውን አልፈው ከወጡት ደግሞ 29 በመቶ አድገዋል። ዕድገቱም የታየው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው።

ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ምንም ሳይነኩ መከታተል። የመጀመሪያው ምስል ከተነሳ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ኤምአርአይ ይደገማል። ከዚያ በየዓመቱ፣ ዕጢው ካላደገ ደግሞ እያራራቁ ይቀጥላል። በእኛ አገር ግን ሐኪሙ "እንጠብቅ" ሲል ቤተሰቡ "ተስፋ ቆረጡብን" ብሎ ነው የሚረዳው። አንዳንዱ በዚያው ሳምንት በሬ ሸጦ ሌላ ሐኪም ፍለጋ ይወጣል። ሐኪሞቹም ቢሆኑ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሕክምና መሆኑን ተረጋግተው አያስረዱም፤ ሰልፉም ጊዜ አይሰጣቸውም።

መጠበቅ ሞኝነት አለመሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ጥናት የተሠራው በኖርዌይ፣ በበርገን ከተማ ነው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። አነስተኛና መካከለኛ ዕጢ ያለባቸው 100 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ወዲያው ጨረር ተሰጣቸው። ግማሾቹ ዕጢው ካደገ ብቻ እንዲታከሙ በክትትል ቆዩ። ከአራት ዓመት በኋላ ጨረር የወሰዱት ዕጢ በይዘቱ በአማካይ ከመነሻው 0.87 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ትንሽ ቀንሷል ማለት ነው። በክትትል የቆዩት ዕጢ ደግሞ 1.51 እጥፍ ሆነ። ዕጢውን በመግታት ጨረሩ በግልጽ አሸንፏል። በመስማት፣ በሚዛንና በኑሮ ጥራት ግን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በክትትል ከቆዩት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በአራቱ ዓመት ምንም ሕክምና አላስፈለጋቸውም።

በነገራችን ላይ በርገን ለእኛ ባዳ ከተማ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀመር ከጎኑ ከቆሙት ውስጥ የበርገን ሐኪሞች አሉበት። ዛሬ በክልል ከተሞች የሚሠሩ ብዙ ኒውሮሰርጀኖች የወጡት ከዚያ ሥልጠና ነው።

ጥናቱን እንዳለ ወደ ጎጃም ማምጣት ግን አይቻልም። የበርገኑ ታማሚ ቀጠሮው ሲደርስ ኤምአርአዩ ይጠብቀዋል። ለአብዛኛው የጎጃም ሰው ኤምአርአይ ማለት ከወረዳው ወጥቶ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መሄድ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት ደግሞ መንገዱ ስንት ጊዜ ተዘግቷል። "በስድስት ወር ተመለስ" የተባለ ሰው በዓመት ተኩልም ላይመለስ ይችላል። ክትትል የሌለው መጠበቅ መዘንጋት ነው። ስለዚህ ክትትልን የሚመርጥ ሰው ቀጣዩን ኤምአርአይ የት፣ መቼ፣ በማን ወጪ እንደሚነሳ ከወዲሁ ማወቅ አለበት።

ቀዶ ሕክምና ምን ይሰጣል፣ ምን ይወስዳል?

ቀዶ ሕክምናው ዕጢውን ያወጣል። የአንጎል ግንዱ ላይ ያለውን ጫና ያነሳል። የወጣውም ሥጋ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ምንነቱ ይረጋገጣል። ይህ የመጨረሻው ጥቅም በጨረር አይገኝም፤ ጨረር የሚሰጠው ምስሉን ብቻ በማመን ነው። በምስል ላይ ይህን ዕጢ የሚመስሉ ሌሎችም አሉ። ከአንጎል ሽፋን የሚነሳው ማኒንጂዮማ የሚባል ዕጢ አንዱ ነው።

መግቢያው ሦስት ዓይነት ነው። ከጆሮ ኋላ የራስ ቅል አጥንት ከፍቶ መግባት በጣም የተለመደው ነው፤ ለትልልቅ ዕጢም ይሆናል። በውስጠኛው ጆሮ አጥንት በኩል መግባት የፊት ነርቭን ቀድሞ ለማግኘት ይመቻል፤ የዚያን ጆሮ መስማት ግን ሙሉ በሙሉ ይሠዋል። ከጆሮ በላይ መግባት ለትንንሽ ዕጢ ነው፤ መስማትን ለማትረፍ ሲታሰብ። "ኦፕራሲዮን ይሁን" ብሎ የወሰነ ቤተሰብ በየትኛው መንገድ እንደሆነ ካልጠየቀ ገና ግማሹን ነው የወሰነው።

ትልቁ ፍርሃት ፊት ነው። ፍርሃቱም መሠረት አለው፤ ግን በዕጢው መጠን ይለያያል። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ባነሰ ዕጢ፣ ልምድ ያለው ቡድን ሲሠራው፣ ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ በጊዜ ብዛት ደህና የሚንቀሳቀስ ፊት ይዞ ይቀራል። ከ3 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ነርቩ በዕጢው ላይ ተለጥጦ እንደ ስስ ወረቀት ስለሚሆን አደጋው በጣም ይጨምራል። ለዚህ ነው አሁን ብዙ ሐኪሞች ዕጢውን እስከ መጨረሻው ፍቆ ማውጣትን የማይመርጡት። ከነርቩ ጋር የተጣበቀውን ስስ ቅሪት ይተዉታል። ቅሪቱን በኤምአርአይ ይከታተላሉ፤ ካደገ በጨረር ይመቱታል። "ዕጢው በሙሉ አልወጣም" መባል ሁልጊዜ የሐኪሙ ድክመት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ታማሚውን ቀድሞ ማስረዳት ግን የሐኪሙ ግዴታ ነው።

ፊት ሲባል ውበት ብቻ የሚመስለው አለ። አንድ የቢቸና አርሶ አደር እናስብ። ቀኝ ፊቱ ዝሏል፣ ቀኝ ዓይኑ አይጨፈንም። ሐኪም ቤት ሳለ ጠብታ ይደረግለታል፣ ማታ በፕላስተር ይታሸግለታል። ቤቱ ሲመለስ የጤፍ ውቂያ ይደርሳል። አውድማው ላይ ገለባው በነፋስ ይበናል። ዓይኑ አይጨፈንም፣ እንባውም ቀንሷል፣ የፊቱ ስሜት ከደነዘዘ ደግሞ ብናኝ መግባቱን እንኳ አያውቅም። የዓይኑ ብሌን ይቆስላል። በሳምንታት ውስጥ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ይህን በቀላሉ መከላከል ይቻላል፦ ቀን ሰው ሠራሽ እንባ፣ ማታ ቅባትና ፕላስተር፣ ለሥራ ጎን ለጎን የተዘጋ መነጽር፣ ካስፈለገም የዓይን ሐኪም ሽፋኑን በጥቂቱ እንዲሰፋው ማድረግ። ከሆስፒታል ሲወጣ ይህን ሁሉ የሚነግረው ሰው ከሌለ ግን ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶም ዓይኑ ይጠፋል።

የደብረ ማርቆስ መሪጌታ ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነው። በማኅሌት ግራና ቀኝ ቆሞ ለሚቀባበል ሰው አንድ ጆሮ ማጣት ማለት አንዱን ወገን ማጣት ነው። ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። የፊት መዛል ከመጣ ደግሞ ከንፈሩ አይገጥምም፤ በ፣ መ፣ ፐ ያላቸው ቃላት ይንሸራተታሉ። እንዲህ ላለ ሰው በአንደኛው ጆሮ የቀረችው መስማት እያለቀች ከሆነ፣ እሷን ለማትረፍ ብሎ ፊትን አደጋ ላይ መጣል የሚያዋጣ አይመስለኝም። ውሳኔው የእሱ ነው፤ ግን ሐኪሙ ሥራው ምን እንደሆነ ሊጠይቀው ይገባል። ብዙ ጊዜ ካርዱ ላይ ዕድሜና ጾታ ብቻ ነው የሚጻፈው።

የቀሩትን አደጋዎች ባጭሩ ልለፋቸው። የአንጎል ፈሳሽ በቁስሉ ወይም በአፍንጫ ሊፈስ ይችላል፤ ከመቶ አሥር ያህሉ ላይ ወይም ባነሰ። ጎንበስ ሲሉ ከአንድ አፍንጫ ውሃ የመሰለ ነገር ጠብ ጠብ ካለ ጉንፋን አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። ፈሳሹ ቸል ከተባለ ማጅራት ገትር ያስከትላል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለሳምንታት ማዞር አለ፤ አንጎል በቀሪው ጆሮ ሚዛኑን እስኪለምድ ነው። ተኝቶ መዋል መልመዱን ያዘገየዋል፣ በሰው ተደግፎም ቢሆን መራመድ ያፋጥነዋል።

ሌላም አለ፤ ሐኪም ቤት ብዙ ጊዜ የማይነሳ። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ታማሚ ይሂድ፤ ግን ቁስሉ በደንብ እስኪድን ከራስ ላይ ማፍሰስ አይቻልም። መጠጣት ይቻላል። ለእብጠት የሚታዘዘው ዴክሳሜታዞን ደግሞ በባዶ ሆድ ጨጓራ ይጎዳል፣ በድንገት ሲቋረጥም ችግር ያመጣል። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ክኒኑን ይዘላል ወይም ከነጭራሹ ይተወዋል። ለንስሐ አባቱ ቢነግራቸው ይፈቱታል፤ ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ጨረርስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ጨረር" ሁሉ አንድ አይደለም። ለዚህ ዕጢ ጥሩ ውጤት የተገኘበት ራዲዮሰርጀሪ የሚባለው ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1951 ያመጣው ስዊድናዊው ሐኪም ላርስ ሌክሴል ነው፤ የመጀመሪያው ጋማ ናይፍ መሣሪያም እ.ኤ.አ. በ1968 ስቶክሆልም ውስጥ ሥራ ጀመረ። በዛሬው ጋማ ናይፍ 192 ትንንሽ የኮባልት ምንጮች ከየአቅጣጫው ወደ አንድ ነጥብ ይተኩሳሉ። እያንዳንዱ ጨረር ብቻውን ደካማ ነው፤ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ግን ይበረታል። ራስ በብረት ፍሬም ወይም በጭንብል ጥብቅ ተደርጎ ይያዛል። በዕጢው ጠርዝ ላይ ከ12 እስከ 13 ግሬይ ይሰጣል፤ ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው። ታማሚው በአብዛኛው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያለ ኮባልት፣ በኤሌክትሪክ ጨረር በሚያመነጩት በሊኒየር አክሰለሬተርና በሳይበርናይፍም ይሠራል፤ መጠኑን ከፋፍሎ በተለያዩ ቀናት መስጠትም አለ።

ውጤቱ ጥሩ ነው። ከአሥር ዕጢ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ማደጋቸውን ያቆማሉ። የፊት ነርቭ ከመቶ ከ95 በላይ ይተርፋል። ነገር ግን ጨረር ዕጢውን አያወጣም። ዓላማው ማቆም ነው። ይህን ሳይረዱ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ከስድስት እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ዕጢ ለጊዜው ያብጣል። በዚያ ሰዓት ኤምአርአይ የተነሳ ሰው የቀድሞውን ምስል ካላቀረበ፣ ወይም ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ ጨረር መሰጠቱን ካላወቀ፣ "አድጓል" ተብሎ ይጻፋል። ቤተሰቡ ይሸበራል። ገንዘባችንን በሉት ይላል። ሳያስፈልግ ወደ ቢላ የሚኬድበትም አለ። ከጨረር በኋላ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከባድ ነው፤ ዕጢው ከነርቩ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል።

መስማትን በተመለከተም ጨረር ተአምር አይሠራም። መጀመሪያ ላይ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይቀንሳል። በአሥር ዓመት ጠቃሚ መስማት ይዘው የሚዘልቁት ከግማሽ በታች ናቸው። በቀዶ ሕክምናም ቢሆን በትንንሽ ዕጢ እንኳ መስማት የሚተርፍላቸው ከግማሽ በታች ናቸው፤ ልዩነቱ፣ በቀዶ ሕክምና መስማቱ የሚጠፋው በአንድ ቀን መሆኑ ነው። ጭው ማለቱ ደግሞ በሁለቱም ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ጩኸቱን ለማስቆም ብቻ ብሎ ኦፕራሲዮን የሚገባ ሰው እንዳይከፋው ይህን ቀድሞ ይወቅ። ጨረሩ ራሱ ወደፊት ካንሰር ያመጣል ወይ የሚለው ፍርሃት ተገቢ ነው፤ ዕድሉ ግን ከሺህ ታካሚ አንድ እንደማይሞላ ይገመታል። ለ65 ዓመት ሰው ይህ ብዙ አያሳስብም። ገና አርባ ዓመት ለሚኖር የ25 ዓመት ወጣት ግን ተጠይቆ የሚታለፍ አይደለም።

ጋማ ናይፍ አገራችን ውስጥ የለም። ግብፅ አለ፣ ቱርክና ህንድ በብዛት አለ። ናይሮቢ ሳይበርናይፍ ገብቷል። እኛ ጋ ለአሥርተ ዓመታት የነበረው የጥቁር አንበሳ የኮባልት መሣሪያ ነው፤ ለማኅፀን በርና ለጡት ካንሰር ብዙ ሠርቷል። ለዚህ ዕጢ ግን አልተሠራም። ሊኒየር አክሰለሬተሮች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መጥተዋል። ሆኖም መሣሪያው መኖሩ ብቻ አይበቃም። ሚሊ ሜትር በሚለካ ጥንቃቄ ለመምታት ተጨማሪ ዕቃ፣ የፕላን ሶፍትዌርና የሠለጠነ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ይፈልጋል። "አዲስ አበባም ጨረር አለ" የተባለ ሰው ጥያቄዎች ይጠይቅ። በስንት ቀን ነው የሚሰጠው? ስንት ግሬይ ነው? ራሴ እንዴት ነው የሚያዘው? ከእኔ በፊት እንዲህ ያለ ዕጢ ለስንት ሰው ሰጥታችኋል?

ወደ ውጭ መሄድ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የውጭ ሕክምናን አይሸፍንም። የሕክምና ቦርድ ማስረጃ፣ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ አስታማሚ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የዶላሩ ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ደላላውም አለ። ውጭ ካለ ሆስፒታል ኮሚሽን የሚያገኝ አገናኝ መጠበቅን አይመክርም፤ ቢጠብቁ ምን ያገኛል?

ታዲያ ለማን የቱ ይሻላል?

ዕጢው ከ3 ሳንቲ ሜትር ካለፈና የአንጎል ግንዱን ከተጫነ፣ ወይም የፈሳሹን መንገድ ከዘጋ፣ ብዙ ክርክር የለም፤ ቀዶ ሕክምና ነው። እንዲህ ላለው ታማሚ ለጨረር ቪዛ መጠበቅ አደገኛ ነው። ጨረር ዕጢውን ለጊዜው ስለሚያሳብጠው የባሰ ሊያመጣበት ይችላል። በእኛ አገር ወደ ኒውሮሰርጀን የሚደርሰው ዕጢ በአብዛኛው ትልቅ ነው። ስለዚህ "ቢላ ወይስ ጨረር" የሚለው ክርክር ለብዙው ታማሚ ሐኪም ቤት ሳይገባ ያለቀ ነው። ምርጫው የጠፋው በእነዚያ የጠብታ ዓመታት ነው። ይህ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም መፍትሔው ውድ አይደለም። አንድ ጆሮው ብቻ ያለ ምክንያት የደከመ አዋቂ ሰው ጠብታው ካልረዳው የመስማት ምርመራ ይታዘዝለት። ልዩነቱ ከተረጋገጠ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሪፈር ይጻፍለትና ኤምአርአይ ይነሳ። ሲቲ ስካን ትንሹን ዕጢ ሊያልፈው ስለሚችል "ሲቲው ንጹህ ነው" በሚለው ብቻ መተው አይገባም።

ትንሽ ዕጢ፣ በተለይ ከቱቦው ያልወጣ ከሆነ፣ በሬ አይሸጥም። ክትትል ነው። ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ዕጢው ካላደገ በቀር ሕክምና ላያስፈልገው ይችላል። ካደገ ደግሞ አቅሙ ካለ ለእሱ ጨረር ይቀለዋል።

የሚያከራክረው መሐሉ ነው፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ድረስ ያለው፣ እያደገ መሆኑ የታወቀ። ገንዘብ፣ ፓስፖርትና ተመልሶ የሚታይበት ቦታ ላለው ሰው እኔ ወደ ጨረሩ አዘነብላለሁ፤ ፊቱ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ዕድሜው ለጋ ከሆነ፣ ማዞሩ ሥራ ያስፈታው ከሆነ፣ ወይም ከአንድ ሕክምና በኋላ በየዓመቱ ኤምአርአይ መነሳት የማይሆንለት ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ሚዛን ይደፋል። ይህም ቢሆን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክትትል የለም ማለት አይደለም፤ ቅሪት የተተወለት ሰው እንደውም ብዙ መመላለስ አለበት። ዕጢ በሁለቱም ጆሮ ከተገኘ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በዘር የሚተላለፍ ኤንኤፍ ሁለት የሚባል ችግር ሊሆን ስለሚችል ልጆቹም መታየት አለባቸው፤ የመጨረሻዋን መስማት ማትረፍም ከሁሉ ይቀድማል።

የት ይሠራ የሚለው ከምን ይሠራ አይተናነስም። ባሕር ዳር ኒውሮሰርጀኖች አሉ፤ ይህ ከሃያ ዓመት በፊት የማይታሰብ ነበር። ግን ይህ ዕጢ የጭንቅላት ጉዳት አይደለም። ማይክሮስኮፕ፣ የፊት ነርቭን እየተከታተለ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ፣ የፅኑ ሕሙማን አልጋና በየጊዜው የሚሠራ እጅ ይፈልጋል። "ዶክተር፣ ይህን ዕጢ በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ? ፊታቸው እንዴት ሆነ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጎጃም ውስጥ ሐኪም መጠየቅ እንደ መድፈር ይታያል፤ አባትየው አንገቱን ደፍቶ "እርስዎ እንዳሉ" ይላል። ስለዚህ ጠያቂ ልጅ ወይም እህት አብሮ ይግባ። ጥሩ ሐኪም በጥያቄ አይቆጣም፤ የማይሠራውንም "ይህን እገሌ ጋ ሂዱ" ይላል።

ሁሉም መንገድ የሚፈልገው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ምስሉ። ሪፖርት የተጻፈበት ወረቀት ብቻውን አይበቃም። የኤምአርአዩን ሲዲ ተቀብሎ መያዝ፣ በስልክም በፍላሽም ቅጂ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ፊልሙን ጣሪያ ሥር ሰክቶ ጭስ ያጠቆረው ስንት ቤት አለ። ቀጣዩ ሐኪም ዕጢው ማደጉን የሚያውቀው ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ ሲለካ ነው። በሚቻልበት ሁሉ ቀጣዩ ምርመራ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መሣሪያ፣ ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር በሚሰጠው የንፅፅር መድኃኒት ቢነሳ ልኬቱ ይታመናል። መንገድ ከተዘጋና አዲስ አበባ መሄድ ካልተቻለ ባሕር ዳር የተነሳውን ሲዲ ፋይል ለሐኪሙ በቴሌግራም መላክ ይቻላል፤ ብዙዎቹ ያዩታል። ሲላክ የመጀመሪያው ምስል የተነሳበት ቀን፣ ጨረር ተሰጥቶ ከሆነ ቀኑና መጠኑ አብሮ ይጻፍ።